አገር ስጠኝ

ሰው ለምን ይጫወታል፣ ለምንስ በሐሳቡ ርቆ ይሄዳል ለሚለኝ፣ መልሴ የልጅነታችን እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂዋ «እንቆቅልሽ» ስትለው «ምን አውቅልሽ» ያለ ልጅ ፍቺው ከጠፋው፣ ዕዳው ገንዘብ ወይም ኩርኩም አይደለም፤ አገር መስጠት ነው። «ጎንደርን ሰጠሁሽ» ይላል፣ ጎንደርን በዓይኑ ሳያይ። ስጦታው ካላማራት «አልፈልግም፣ ሌላ አምጣ» ማለት ትችላለች። ከተስማማች ግን እንደ ባለርስት ትገባበታለች፤ ፍሪዳ ይታረዳል፣ ጠጅ ይቀዳል፣ ተሸናፊው ደግሞ በዚያው ድግስ ትራፊ ለቃሚ ይሆናል። (ትንሽ ክፋት አለበት፤ ያለ እሱም አይጣፍጥም።) ፍቺውን የምትነግረው ይህን ሁሉ ካሳየችው በኋላ ነው።

ጨዋታው ሰሌዳ አይፈልግ፣ ጠጠር አይፈልግ፤ መብራት ሲጠፋ እንዲያውም ይደምቃል። ከሠፈሩ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ሐረርን፣ ጅማን፣ አክሱምን ከካርታ በፊት የሚያውቀው በዚህ ነው፤ እያወረሰና እየወረሰ። ጨዋታው ከቀረ፣ ከተሞቹ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡና አንድ እንቆቅልሽ ጠይቁ። መልስ ካጡላችሁም በትንሽ አገር አትታለሉ።