“እኔ ጠመቅሁት” ስለ ማለት

በእንግሊዝ አገር የሚኖረውን ልጄን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ አንድ ማታ ጠርሙስ ከፍቶ ቢራ ቀዳልኝና፥ “አባባ፥ ይቅመሱልኝ፤ እኔ ነኝ የጠመቅሁት” አለኝ። ያደግሁበት የሚሲዮን ተማሪ ቤት መጠጥ እንዳላበዛ አስተምሮኛልና ግማሽ ብርጭቆ ቀመስሁ፤ መልካም ነበር። ዳሩ ግን መምህር ጡረታ ቢወጣም መጠየቁን አይተውምና፥ “እንዴት አድርገህ ጠመቅኸው?” አልሁት።

ያሳየኝ አንድ ባዶ ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ያለው ቆርቆሮ እንደ ማር የወፈረ 1.7 ኪሎ ግራም ያህል የብቅል ጭማቂ ይዞ፥ ከአንዲት ትንሽ የእርሾ ከረጢት ጋር ይሸጣል። ገዢው ጭማቂውን በሙቅ ውሃ አሟሙቶ 1 ኪሎ ያህል ስኳር ይጨምርበታል፤ ቀዝቃዛ ውሃ እስከ 23 ሊትር ሞልቶ እርሾውን ይነሰንስበታል፤ አንድ ሳምንት ያህል ሲፈላ ከቆየ በኋላም በጠርሙስ ያሽገዋል። በዚያ አገር በቤት ለመጥመቅ ከ1880 ጀምሮ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ይህ ግዴታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ተነሥቷል።

አሁን ፍርዴን ልስጥ። ይህ ቆርቆሮ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው ንጽሕና ነው፤ ዕቃው በሚገባ ካልጸዳ ቢራው ይበላሻል። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው፤ መፍላቱን ሳይጨርስ የታሸገ ጠርሙስ በውስጡ በሚጠራቀመው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላልና። ጉድለቱ ግን ከባዱን ሥራ መሰወሩ ነው። ገብሱን ያበቀለው፥ ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ስኳሩን ያወጣው፥ ሆፕ ከሚባለው መራራ አበባ ጋር የቀቀለው፥ ውሃውንም አትንኖ ያወፈረው ሌላ ሠራተኛ ነው። የመመሪያው ወረቀትም ምን እንደሚደረግ ይናገራል እንጂ ስለ ምን እንደሚደረግ አይናገርም።

ይህን ሁሉ ለልጄ በተግሣጽ ቃል ነገርሁትና፥ “የእናቴን ጠላ ብታውቅ ኖሮ ይህን መጥመቅ አትለውም ነበር” አልሁት። እርሱም በትሕትና፥ “አያቴ ብቅሉን ስንት ቀን ነበር የሚያበቅሉት?” ብሎ ጠየቀኝ።

አላወቅሁም። ጋኑ በወይራ ሲታጠን የነበረው ሽታ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል፤ ከጥንስሱ እስከ ድፍድፉ ግን አንድ ቀን እንኳ እጄን አላስገባሁበትም። እንግዳ ሲመጣ “የቤታችን ጠላ ነው” እያልሁ እኮራ የነበርሁት እኔው ነኝ። ልጄ ቢያንስ ቆርቆሮውን ከፍቷል፤ እኔ ያነሣሁት ጣሳውን ብቻ ነው።

በማግሥቱ አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እኅቴ ስልክ ደወልን። ስለ ጌሾው፥ ስለ እንኩሮው እርስዋ ስትነግረን ልጄ ይጽፍ ነበር። መካከል ላይ ዝም አለችና፥ “ይህንንስ ረሳሁት፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም” አለች። እስክሪብቶው በልጄ እጅ ላይ ቆመ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ።

እንግዲህ ልጆቼ፥ ሌላው ካዘጋጀው ነገር መጀመር ነውር አይደለም። ነውሩ የሌላውን ድካም በራስ ስም መጥራትና የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ሳይጠይቁ መቅረት ነው። እኔም ወደ አገሬ ስመለስ ገብስ ዘፍዝፌ ለማብቀል ሞከርሁ። የመጀመሪያው ሻገተ። እኅቴ ውሃው እንደ በዛበት ነግራኛለችና ሁለተኛውን አሁን በቅጠል ሸፍኜዋለሁ።