«የድምፅ መግቢያ» የቱ ነው? በኮምፒውተር ድምፅ ለመቅረጽ በምንገለገልባቸው ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

1. የሂሱ መነሻ

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ለጥናት ብለን በካሴት የቀረጽናቸው ጥቂት ቃለ መጠይቆች ነበሩን። ከነዚህም አንዱ ዛሬ ሰሚትና ጎሮ የሚባሉት ሰፈሮች ባሉበት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያርሱ ከነበሩ አንድ አዛውንት ጋር የተደረገ ነው። አዛውንቱ ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩን፣ ወገሉን፣ ማነቆውንና ምራኑን እያነሡ የእያንዳንዱን አሠራር፣ አጠራርና አገልግሎት አስረድተውናል። እርሳቸው ዐርፈዋል፤ በማሳቸውም ላይ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ቆሞበታል። ስለዚህ ካሴቱ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ምትክ የማይገኝለት ማስረጃ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ካሴቶቹ ሳይበላሹ ወደ ኮምፒውተር እንዲገለበጡ በማሰብ ሥራውን ቦሌ አካባቢ ለሚገኝ አንድ የኮምፒውተር አገልግሎት ቤት ሰጠን። ሥራውን የተረከበው ወጣት ትጉህ ነበር፤ በአማርኛ የተተረጐመ አንድ ገጽ መመሪያ ከፊቱ አስቀምጦ ትእዛዙን በተራ በተራ ፈጸመ። መመሪያው የካሴት ማጫወቻው ገመድ ከኮምፒውተሩ «የድምፅ መግቢያ» ጋር እንዲያያዝ፣ ከዚያም «ድምፁ» በቂ እስኪሆን እንዲጨመር ያዛል። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ የነበረው የድምፅ መግቢያ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ነበር። ወጣቱ ገመዱን ለማይክሮፎን በተዘጋጀው ቀዳዳ ሰካው። የተገኘው ቅጂ ከዳር እስከ ዳር የተሰነጣጠቀ ሆነ። ስሕተቱን ለማረም ካሴቱ ዳግመኛ ሲዞር ደግሞ ያረጀውን ክር ማጫወቻው በላው፤ ከዚያ በኋላም ሊጠገን አልቻለም።

ወጣቱን አንወቅስም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። የምንወቅሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም የጠራውን አማርኛ ነው። ይህን አማርኛ የሠራነው ደግሞ እኛው የቋንቋ ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች ነን። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሂስ በዚህ የሥራ ዘርፍ የሚሠራባቸውን ዋና ዋና ስያሜዎች የሚመረምር ነው።

2. በደንብ የተሠሩት

አስቀድመን የሚመሰገነውን እናመስግን። «ቀረጸ» የሚለው ግስ በእንጨትና በድንጋይ ላይ መፋቅን፣ ቅርጽ ማውጣትን ያመለክት ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያና ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በፎኖግራፍ መልእክት ሲለዋወጡ ድምፁ የተያዘው በሰም ላይ በመርፌ በተፋቀ ፈለግ ነበርና፣ ግሱ ለአዲሱ ሥራ ሲውል ከነገሩ ጋር በትክክል ገጥሟል። ከርሱም «ቀረጻ»፣ «ተቀረጸ»፣ «አስቀረጸ»፣ «መቅረጸ ድምፅ» የሚሉት ያለ ችግር ረብተዋል። ስያሜ ሲመሰገን ዋናው መለኪያ ይህ ነው፦ ግንዱ ቅርንጫፍ ማውጣት መቻሉ።

«ሸክላ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን አገር ካስቀረጹበት ጊዜ አንሥቶ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት እስካቋቋመበትና ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ የሙዚቃውን ዲስክ «ሸክላ» ብሎታል። የጥንቱ ዲስክ የሚሠራበት «ሼላክ» የተባለው ሙጫ ለስሙ መቀራረቡ፣ ዲስኩም እንደ ሸክላ ዕቃ ከወደቀ መሰበሩ ቃሉን በሁለት በኩል ደግፎታል። ይህን ስያሜ ያወጣ ጉባኤ የለም።

ሦስተኛው «ቀዳ» ነው። ከምንጭ ውኃ እንደሚቀዳ ሁሉ ከአንድ ካሴት ወደ ሌላ ካሴት «ይቀዳል»። ምንጩ አይነጥፍም፤ የተቀዳው ግን በሌላ ዕቃ ይገኛል። እንግዲህ በአማርኛችን «ቀረጸ» ድምፅን ከአፍ መያዝ፣ «ቀዳ» ደግሞ ከተያዘው ላይ መገልበጥ ነው ብሎ መለየት ይቻላል። ዛሬ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ መገናኛ ባሉት ሱቆች ሁለቱም «ሪከርድ አደረገ» በሚለው ተጠቅልለዋል። ይህ አነጋገር በባዕድነቱ ብቻ አያስወቅሰውም። የሚያስወቅሰው አማርኛ የነበረውን ልዩነት ማጥፋቱ ነው።

3. «ድምፅ ማጉያ»

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ የከፋው ስያሜ «ድምፅ ማጉያ» ነው። በስብሰባ ላይ ተናጋሪው የሚጨብጠው «ድምፅ ማጉያ» ይባላል፤ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውም «ድምፅ ማጉያ» ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው፣ በእውነት የሚያጎላው ሳጥንም ይኸው ስም ተሰጥቶታል። በመሠረቱ ማይክሮፎን ምንም ነገር አያጎላም። የአየርን ንዝረት ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ይለውጣል፤ ኃይሉም በጥቂት ሚሊ ቮልት የሚለካ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ደግሞ ኤሌክትሪኩን መልሶ ንዝረት ያደርገዋል። አንዱ ጆሮ ነው፣ ሌላው አፍ።

በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ይህ መደባለቅ ብዙም አይጎዳም፤ ሰው እያየ ይለየዋል። በኮምፒውተር ላይ ግን ተጠቃሚው የሚያየው ስም ብቻ ነው። «ድምፅ ማጉያዎን ይምረጡ» የሚል ትእዛዝ ሲያነብ መስሚያውን ይሁን ማሰሚያውን እንዲመርጥ መታዘዙን ሊያውቅ አይችልም። የኮምፒውተሩን የራሱን ድምፅ ለቀረጻ ምንጭ አድርጎ የመረጠ ሰው አንድ ሰዓት ተናግሮ ባዶ ፋይል ይዞ ይነሣል።

በበኩላችን የሚከተለውን እንመርጣለን። «ማይክሮፎን» እንዳለ ይቀጥል፤ ሕዝቡ «ማይክ» ብሎ አሳጥሮ ወርሶታልና። «ማጉያ» ለሚያጎላው ብቻ ይሰጥ። ድምፅ የሚያወጣው «ማሰሚያ» ይባል፤ «አሰማ» ከሚለው ግስ በቀጥታ የሚወጣ፣ ማንም ሳይነገረው የሚረዳው ቃል ነው።

4. «የድምፅ ካርድ»

በስያሜው ውስጥ ያሉት ሁለቱም ቃላት ሸክም የበዛባቸው ናቸው። «ድምፅ» በቋንቋ ጥናት የንግግር ድምፅ ነው፤ በምርጫ ጊዜ መራጭ የሚሰጠው ነው፤ በሙዚቃ የዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ በሬዲዮ ላይ ደግሞ የሚጨመርና የሚቀነስ መጠን ነው። «ካርድ» በበኩሉ ለስልክ የሚሞላውም፣ ለምርጫ የሚወሰደውም፣ ከሐኪም ቤት የሚወጣውም ነው። «የድምፅ ካርድ» የሚል ሐረግ ያለ ዐውድ የቀረበለት አንባቢ የምርጫ ጣቢያ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።

ከዚህም ሌላ ነገሩ ራሱ ተለውጧል። ቀድሞ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ የሚሰካ ሰሌዳ ስለ ነበረ ካርድ መባሉ ትክክል ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ክፍሉ ከዋናው ሰሌዳ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ የተሻለ ጥራት የሚፈልግ ደግሞ በዩኤስቢ ገመድ የሚያያዝ ውጫዊ ሳጥን ይገዛል። ቅርጹን የሚገልጽ ስያሜ ቅርጹ ሲለወጥ ይወድቃል፤ ተግባሩን የሚገልጽ ይቆያል። ስለሆነም በመመሪያ ውስጥ «የኮምፒውተሩ የድምፅ ክፍል» ማለትን፣ በሱቅ ደግሞ ዕቃው የሚታወቅበትን «ሳውንድ ካርድ»ን መጠቀምን እንደግፋለን። ዕቃ ለመግዛት የሄደ ሰው ሻጩ በማያውቀው ቃል እንዲጠይቅ ማድረግ አገልግሎት አይሆንም።

5. «መግቢያ»ና «ድምፅ ጨምር»

ወደ ካሴታችን እንመለስ። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ጀርባ በተለመደው የቀለም ሥርዓት ሮዙ ቀዳዳ ለማይክሮፎን፣ ፈዛዛ ሰማያዊው ከሌላ መሣሪያ ለሚመጣ ድምፅ፣ አረንጓዴው ለማሰሚያ ነው። ከካሴት ማጫወቻ የሚወጣው ኃይል የአንድ ቮልት ሲሦ ያህል ነው፤ ከማይክሮፎን ከሚወጣው አንድ መቶ እጥፍ ገደማ ሊበልጥ ይችላል። የማይክሮፎኑ መግቢያ ደካማውን አጎልቶ ለመቀበል የተሠራ በመሆኑ ብርቱው ሲመጣበት የሞገዱን ጫፍ ይከረክመዋል። የተከረከመው ጫፍ በኋላ ድምፁን በመቀነስ አይመለስም። እንግዲህ «የማይክሮፎን መግቢያ»ና «የመሣሪያ መግቢያ» የሚሉ ሁለት ስሞች ቢኖሩ ኖሮ ካሴቱ በተረፈ ነበር።

«ድምፁን ጨምር» የሚለውም ሁለት ሥራዎችን ይደባልቃል። አንደኛው ከመቀረጹ በፊት የሚገባውን ኃይል ማሳደግ ነው፤ ሁለተኛው ከተቀረጸ በኋላ ለጆሮ የሚሰማውን ከፍ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ቅጂውን ይለውጣል፣ ሁለተኛው አይነካውም። ለመጀመሪያው «የቀረጻ መጠን»፣ ለሁለተኛው «የማሰሚያ መጠን» ብንል በቂ ነው፤ ከግእዝ ሥር ፈልቅቆ አዲስ ቃል መሥራት አያሻም።

ለቋንቋ አጥኚ ጉዳዩ የጥራት ብቻ አይደለም። «መጣ»ንና «መታ»ን የሚለየው የፈንጂው ድምፅ ብርቱ ፍንዳታና ከርሱ ቀጥሎ የምትመጣው አጭር ጸጥታ ነው። ጫፉ በተከረከመና በሸካራ ሁከት በተሞላ ቅጂ ውስጥ ይህ ምልክት ይደበዝዛል። በሰኮንድ የሚወሰደው ናሙና 8,000 ብቻ ከሆነም ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቀራል፤ ያን ጊዜ «ሠራ»ና «ፈራ» ለጆሮ ሊቀራረቡ ይችላሉ። ናሙናው 44,100 ሲሆን ግን እስከ 22,050 ኸርዝ ያለው ሊያዝ ይችላል። መዝገበ ቃላት በአጠራር ላይ ሲሳሳት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

6. የብልሽት ቃላት

ብልሽትን ለማግኘት ብልሽቱን መጥራት ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የሕዝቡ አማርኛ ከተርጓሚው የተሻለ ነው። «ይቆራረጣል» የሚለው ድምፁ መካከል ላይ እየጠፋ ሲመለስ ነው፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ በሥራ ብዛት መጨናነቁ ወይም ገመዱ መላላቱ ነው። «ይሰነጠቃል» የቀረጻ መጠን ሲበዛ ነው። «ይጮኻል» ማይክሮፎኑ ማሰሚያው የሚያወጣውን መልሶ ሲሰማ ነው። እንደ ንብ «ጥዝ ይላል» ደግሞ ከመብራት የሚመጣ ነው። የአገራችን መብራት በሰኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ የላፕቶፑ ቻርጀር ሲነቀል ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው።

አራቱ ቃላት አራት መንሥኤዎችን ይለያሉ። ተርጓሚው ግን የሞገድ ጫፍ መከርከምን «መቆረጥ» ብሎ ቢተረጉም ከ«መቆራረጥ» ጋር ያጋጨዋል፤ አንባቢውም የመጠኑን ነገር ትቶ ገመድ ሲፈትሽ ይውላል። «መከርከም» ወይም የሕዝቡ «መሰነጠቅ» ይሻላል።

ድምፅ ጨርሶ ሳይገባ ሲቀር ሁለት ቃላት ይነሣሉ። አንደኛው «ፈቃድ» ነው፤ በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ ስሪቶች ተጠቃሚው ካልፈቀደ ፕሮግራሙ ማይክሮፎኑን አይሰማም፤ ስያሜውም ነገሩን በሚገባ ይገልጻል። ሁለተኛው «ድራይቨር» ነው። ይህን «ነጂ» ማለት ቃሉን እንጂ ነገሩን መተርጐም አይደለም። ሥርዓተ ክወናውን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነውና «አግባቢ» ቢባል ለተጠቃሚው ተግባሩን ይነግረዋል።

7. ስለ ተቃውሞው

ባለስቱዲዮው «ማይክ»፣ «ጌን»፣ «ላይን» እያለ ሥራውን ያለ ስሕተት ይሠራል፤ ታዲያ ስያሜው ለማን ነው? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለስቱዲዮው ዕቃውን በእጁ ያውቀዋል፤ ስሙ ቢሳሳት እጁ ያርመዋል። ስያሜ የሚያስፈልገው እጁ ገና ያላወቀ ሰው ነው፤ የአያቱን ካሴት ለማትረፍ የሚፈልግ ልጅ፣ የተማሪዎቹን ንባብ የሚቀርጽ መምህር፣ እንደ እኛ ያለ አጥኚ። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ ብሔራዊ አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. እስከ ታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ድረስ ሲደከም የኖረው ለነዚህ ሰዎች ነው።

ስለዚህ አንድ ፈተና እንዲለመድ እናሳስባለን። የተተረጐመ መመሪያ ከመታተሙ በፊት ሥራውን ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ይሰጥ፤ ተርጓሚው ከጎኑ ተቀምጦ ምንም ሳይናገር ይመልከት። የሰውየው እጅ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ካመነታ ቃሉ እንደገና ይሠራ። አንባቢዎቻችንም በየሱቁና በየስቱዲዮው የሚሰሟቸውን የብልሽት ቃላት፣ ከተሰሙበት ቦታና ከትርጉማቸው ጋር፣ ለዝግጅት ክፍሉ እንዲልኩ እንጠይቃለን። ከአዛውንቱ ካሴት የቀረን «ወገል»ንና «ድግር»ን የምናነብበት የእጅ ማስታወሻ ነው፤ እንዴት እንደ ጠሯቸው ግን ከእንግዲህ የሚያሰማን የለም።