ካሜራውስ ተከፈለው፤ ሐሳቡስ?

መተማ ዮሐንስ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ከፍተው አሳዩኝ። ሙሽሮቹ ፏፏቴ ሥር ቆመዋል፤ ፏፏቴው ሸራ ላይ የተሣለ ነው። እኔ ደግሞ ቆሞ የሚደርቀውን የሰሊጥ ነዶ፣ ማዶ ጋላባትን፣ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የቆሰሉበትን ምድር አይቼ መምጣቴ ነው። ከነዚህ አንዱ እንኳ አልተቀረጸም።

ቀራጩን ወቀስኩት። «ጋሼ፣ የሚከፈለኝ ካሜራ ለያዝኩበት ቀን ነው፤ ላሰብኩበት ማን ይከፍለኛል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ግን ሙያው እኮ ማሰቡ ነው! አይዳ ሙሉነህ በዋተርኤይድ ታዝዛ ስለ ውሃ ችግር የሠራቻቸውን ፎቶዎች ያነሳችው አፋር፣ ዳሎል ወርዳ ነው፤ ቦታው ራሱ ይናገራል። በግሉ የሚሠራ ዳይሬክተርም መጀመሪያ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ያስፍር፤ ዋጋውንም ከቀረጻው ለይቶ ይጻፍ። ደንበኛው ይከራከር ይሆናል፤ ላልተጻፈው ግን ከነጭራሹ አይከፍልም።