ጉልበቴ ላይ መኖሩን የረሳሁት ነገር

አገኘሁት! ማውንቴን ባይክ የሚነዳ ሰው ሁሉ ሲመኘው የኖረውን፣ ብዙዎቻችንም “እንዲህ ያለ ነገርማ የለም” ብለን የተውነውን የጉልበት መከላከያ አገኘሁት። ዳገት ሲወጡ አያፍንም፣ ቁልቁለት ሲወርዱ አይንሸራተትም፣ ሲወድቁ ደግሞ ከድንጋዩ ጋር የሚጋጨው እሱ ነው። የሚሠራው ፖክ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ሲሆን ስሙ ጆይንት ቪፒዲ ኤር ይባላል። ፋርማሲ ገብታችሁ የምትጠይቁት ነገር ይመስላል አይደል? ስሙን ላወጡለት ሰዎች እንተወውና ወደ ዕቃው እንሂድ። ዕቃው ጉድ ነው!

ሲያዩት ግን ምንም አያስደንቅም። ከዴንቨር የመጣችው የአክስቴ ልጅ ከሻንጣዋ አውጥታ ስትሰጠኝ “ይሄን ጨርቅ ነው እንዴ አምጪልኝ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ የከረምከው?” አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥቁር ነው፣ ከእግር ጫፍ ተስቦ ይጠለቃል፣ ቋንጃ ላይ የሚያርፈው ጀርባው አየር የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ነው። ፊቱ ላይ ትልልቅ ቀዳዳ ያለበት፣ ወፈር ያለ ለስላሳ ፓድ አለው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ሲያጥፉት እሺ ብሎ ይታጠፋል። ፕላስቲክ የለ፣ ብረት የለ፣ እግር ተብትቦ የሚይዝ የማሰሪያ ብዛት የለ። እኔም ለአፍታ እጄ ላይ አገላብጬ “ይሄ ነው እንዴ የሚያድነኝ?” ማለቴ አልቀረም።

እሱ ነው! ምስጢሩ ያለው ፍጥነት ላይ ነው። ኮርን ፍላወር በጥቂት ውኃ በጥብጣችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ስትነክሩት ፈሳሽ ሆኖ ይቀበላችኋል፤ በቡጢ ስትመቱት ግን ደንድኖ ይመልሳችኋል። የዚህ ፓድ ጠባይም ወደዚያው ነው። ፔዳል ስትረግጡ የሚደርስበት ጫና ዝግ ያለ ስለሆነ ከጉልበታችሁ ጋር ይለመጣል። ጉልበት ድንጋይ ሲመታ ግን በቅጽበት ይጠነክርና ምቱን አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ ይበትነዋል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መልሶ ይለሰልሳል። ቪፒዲ የሚባለው የዚህ ፓድ ቁስ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፦ የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ ይበልጥ እየለሰለሰ የለባሹን ጉልበት ቅርጽ ይይዛል። የኔ ጉልበት ደግሞ ቅርጹ ቀና አይደለም፤ እሱንም ችሎታል።

በዚህ ዓይነት ነገር ስሙ ቀድሞ የገነነው ብርቱካናማው ዲ ስሪ ኦ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ፓልመር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት ኩባንያ ሥራ ነው። ፓልመር ራሱ በረዶ ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተት ሰው ስለነበር መውደቅን በሩቁ አልነበረም የሚያውቀው። በ2006ቱ የቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ የአሜሪካና የካናዳ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች ይህ የገባበት ልብስ ለብሰው ወርደዋል። ዛሬ የሞተረኛ ጃኬት ውስጥ አለ፣ የስልክ ሽፋን ውስጥ አለ፣ የብዙ ኩባንያዎች የጉልበት መከላከያ ውስጥም አለ። የፖክ ባይገኝ እሱ የገባበትን መያዝ ነው።

ለስላሳ ነው ስል ዋዛ ነው ማለቴ አይደለም። ኢኤን 1621-1 የሚል ምልክት አለው። ይህ የአውሮፓ መለኪያ የወጣው ለሞተር ሳይክል ነጂዎች ነው፤ ብዙ የማውንቴን ባይክ መከላከያዎችም በዚሁ ይፈተናሉ። ፈተናው ቀልድ አያውቅም፦ 5 ኪሎ የሚመዝን ብረት አንድ ሜትር ከሚሆን ከፍታ፣ በ50 ጁል ኢነርጂ ይለቀቅበታል። ከሥሩ ያለው መሣሪያ ደግሞ መከላከያውን አልፎ የመጣውን ኃይል ይለካል። ያለፈው በአማካይ ከ35 ኪሎ ኒውተን ካልበለጠ ደረጃ 1፣ ከ20 ካልበለጠ ደረጃ 2 ይሰጠዋል። ስለዚህ በምት ረገድ ደረጃ 2 ይበልጣል። የኔው ደረጃ 1 ነው፤ ይህን እያወቅሁ መረጥኩት። ምልክቱ የሌለበትን ግን ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢምልላችሁ እለፉት።

ለምን ደረጃ 1? ሒሳቡ ይኸው። በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱን ጉልበቱን 4,800 ጊዜ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። 4,800! ቋንጃ ውስጥ የተጨማደደች አንዲት ጨርቅ፣ አንዲት ሸካራ ስፌት፣ ያን ያህል ጊዜ ስትፈትግ አስቡት። ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ላብ ሲገባበት ያንገበግባል። ከዚህ በፊት የነበረኝ (የማን ሥራ እንደነበር ይቅር) ፊቱ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ማሰሪያው አራት፣ ውስጡ ምድጃ ነበር። ዳገቱን አውልቄው መሪ ላይ አንጠልጥዬ እወጣለሁ፤ ጫፍ ስደርስ ጫማ መፍታቱና ማሰሩ ይታክተኛል፤ ቁልቁለቱን በባዶ ጉልበት እወርደዋለሁ። እሱ ደረጃ 2 ነበር። መሪ ላይ የተንጠለጠለ ደረጃ 2 ማንን ያድናል? የጉልበት ሎሚ እንደሆነ ከላዩ ሥጋም ስብም የለው፣ ከድንጋዩ የሚለየው ቆዳ ብቻ ነው። ጠዋት ለብሼው ማታ የማወልቀው ደረጃ 1 ይሻለኛል! ምቾት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ዳገት አብሮኝ ይውጣ።

አብሮኝ የሚወጣ ካገኘሁ ደግሞ የምወስደው እንጦጦ ነው። ከእንጦጦ ማርያም አካባቢ ባሕር ዛፉን እየሰነጠቀ የሚወርደው መንገድ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ሸክማቸውን አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣ “ልጄ፣ ጉልበትህን ምን ሆነህ ነው የታሰርከው?” አሉኝ።

“ምንም አልሆንኩ እማማ፣ ምናልባት ብወድቅ ብዬ ነው።”

“ብወድቅ ብለህ? ታዲያ ለምን ትወጣበታለህ?”

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም፤ ግን እሱ የፓዱ ጥፋት አይደለም። የዚያኑ ቀን ሽሮ ሜዳ ወርጄ ማኪያቶ አዝዤ፣ ጠጥቼ፣ ሒሳብ ከፍዬ ስነሣ አስተናጋጇ ወደ እግሬ እያየች ሳቋን ስታፍን ነው መልበሴ ትዝ ያለኝ። ካፌ ውስጥ ለብሼው ተቀምጫለሁ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ምስክር ካስፈለገ ደግሞ ወድቄበታለሁ። ጠመዝማዛው ላይ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተከምሮ ነበር፣ ከቅጠሉ ሥር ጠጠር። የፊት ጎማዬ ከሥሬ ጠፋ። ከመሬት ቀድሞ የተገናኘው ግራ ጉልበቴ ነው፣ ያውም ጠርዙ ወጣ ባለ ጥቁር ድንጋይ ላይ። የሰማሁት ዱብ የሚል የታፈነ ድምፅ ብቻ ነው። ለጥቂት ጊዜ እንደወደቅሁ ሕመሙን ጠበቅሁት፤ ቀረ። ተነሥቼ አየሁት፦ ጨርቁ ላይ የጣት ወርድ የምታህል ነጭ ጭረት፣ አንዲት የተመዘዘች ክር። ወደ ታች ገፍቼ ጉልበቴን ስዳስሰው ቀላ ብሏል፣ ይሞቃል፣ በቃ! ጓንት ያላጠለቀው መዳፌ ግን ማታ ቤት ገብቼ ጠጠር ሲለቀምለት አመሸ። ያው እኔ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው ውድቀት፤ መዳፌና ጉልበቴ ግን ሌላ ሌላ ቀን ነው የዋሉት።

ስለ ልክ ካልነገርኳችሁ ግን አድናቆቴ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ልኩን የሳተ ፓድ በምትፈልጉት ሰዓት ቅልጥማችሁ ላይ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ሱሪ ኤል ስለለበስኩ ጉልበቴም ኤል ነው የሚባል ነገር የለም። ሜትር አንሡ፤ ከሎሚው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ጭናችሁን፣ በዚያው ልክ ዝቅ ብላችሁ ባታችሁን ለኩና ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ። የአንዱ ኩባንያ መካከለኛ የሌላው ትንሽ ነው። ስትለብሱት ቆማችሁ አትፍረዱ፤ ቁጢጥ በሉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ፔዳል እንደምታዞሩ አድርጉ፣ ደረጃ ውጡ ውረዱ። ጉልበት ሲታጠፍ ሎሚው የፓዱ መሐል ላይ መገኘት አለበት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወለሉ ላይ ተንበርከኩ፤ አጥንታችሁ ወለሉን ከነካው አጠረ ወይም ሰፋ ማለት ነው። ጭን ላይ የሚያርፈው ላስቲክ ውስጡ የሲሊኮን መስመር ካለው ቆዳ ይዞ ይቆያል፣ ቅባት ወይም ሎሽን ከተቀባችሁ ግን ይንሸራተታል። እግር ከደነዘዘ ጠቧል፤ “ሲለበስ ይሰፋል” የሚለውን የሻጭ ማጽናኛ አትስሙ። ሱቅ ውስጥ ቁጢጥ ብድግ ስትሉ የሚስቅባችሁ ይኖራል፤ ይሳቅ!

የማላሞካሽበት ቦታም አለ። በካናዳ ዊስለር ሳይክሉን ሊፍት ላይ ሰቅሎ ተራራ የሚወጣ፣ ቀኑን ሙሉ በፍጥነት መውረድ ብቻ ሥራው የሆነ ሰው ከባዱን፣ ደረጃ 2ውን፣ ፊቱ ጠንካራውንና ቅልጥም ድረስ የሚሸፍነውን ይልበስ። ጠንካራው ፊት ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ጨርቅ ግን ይነክሳል። ፔዳል የሚያዞር ስላልሆነ ሙቀቱም ብዙ አያስቸግረውም። ደግሞ የትኛውም ፓድ ምትንና ፍትጊያን ነው የሚከላከለው፤ ጉልበት ሲጠማዘዝ ጅማት እንዳይበጠስ አያደርግም። ያንን ተስፋ አድርጎ የሚገዛ ካለ ሌላ ዕቃ ነው የሚፈልገው።

የዚህን ስፖርት አባቶች ሳስብ ግን ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኦክቶበር ላይ በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ፣ ፌርፋክስ አጠገብ፣ ሪፓክ የሚባለው ቁልቁለት ላይ የመጀመሪያውን ውድድር ሲጀምሩ በአሮጌ ከባድ ሳይክል ነበር የወረዱት። መንገዱ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ የኋላ ፍሬናቸው ከመጋሉ የተነሣ ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨስ ስለነበር ከወረዱ በኋላ እንደገና መሙላት ነበረባቸው። ጋሪ ፊሸርና ጆ ብሪዝን የመሰሉ ሰዎች ከዚያ ቁልቁለት ነው የወጡት። ጉልበታቸው ላይ የነበረው ጂንስ ሱሪ! ጀግንነት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል፤ እኔ ግን ጀግና አይደለሁም፣ ቪፒዲዬን ይዣለሁ።

አያያዙም ቀላል ነው። በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ሥር ይሰጣል፤ ፀሐይ ላይ ካዋላችሁት ላስቲኩ ይደክማል። አለማጠብ አይቻልም፤ ሽታው ራሱ አስገድዶ ያሳጥባችኋል። በብርድ ጠዋት ሲያወጡት ደረቅ ይላል፣ ሙቀት ነው የሚያለሰልሰው፤ ስለዚህ የእንጦጦ ውርጭ ሳያገኘው ቤት ውስጥ ለብሼው እወጣለሁ። ዳገቱ እስኪጋመስ ድረስ የጉልበቴን ቅርጽ ይዞ ተደላድሏል።

አሁን ለአክስቴ ልጅ ሌላ ጥንድ እንድታመጣ ጽፌላታለሁ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ። ወንድሜ “እስቲ ልሞክረው” ብሎ ቅዳሜ ወስዶት እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ጭኑ ደግሞ ከኔ ይወፍራል፣ ላስቲኩን ሊያሰፋብኝ ነው።