«ቀዝቃዛ ፕላዝማ»፦ ስለ አንድ የሕክምና ስያሜ አተረጓጐም

ስለ ካንሰር ሕክምና የተጻፉ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከሚገጥሙት ስያሜዎች አንዱ ቃል በቃል ሲመለስ «ቀዝቃዛ ፕላዝማ» ይሆናል። እኛ ይህን አቻ አንደግፍም።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። አማርኛ «ፕላዝማ»ን ለሦስት ነገር ተውሶታል። ለሐኪም የደም ፈሳሽ ክፍል ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቴሌቪዥን ትምህርት ከገባ ወዲህ ደግሞ ለተማሪው ትምህርቱ ራሱ «ፕላዝማ» ተብሏል። ሦስተኛው የፊዚክስ ነው፤ ይኸውም አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሚዩር እ.ኤ.አ. በ1928 አዮኖችና ኤሌክትሮኖች ለሚገኙበት ጋዝ ያወጣው ስም ነው። የካንሰሩ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህኛው ነው። ነገር ግን በሆስፒታል «ቀዝቃዛ ፕላዝማ» ሲባል ከማቀዝቀዣ የወጣ የደም ፕላዝማ የማይመስለው ማን ነው?

ቅጽሉ የባሰ ያሳስታል። በዚህ ጋዝ ውስጥ የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት ከ10,000 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከባዶቹ አቶሞችና አዮኖች ግን ለብ ያሉ ስለሆኑ ሰውነት የሚነካው ጋዝ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። «ቀዝቃዛ» የተባለው እንግዲህ ከፀሐይና ከብየዳ ፕላዝማ ጋር ሲነጻጸር እንጂ በእጅ ሲዳሰስ አይደለም። ሕመሙን «ብርድ መታኝ» ብሎ ለሚያስረዳ ሰው ደግሞ ቀዝቃዛ ነገር በቁስሉ ላይ ይደረግልሃል ማለት ማስፈራራት ነው። ለቀዶ ሐኪሙ ቁም ነገሩ ጋዙ ሥጋ አለማቃጠሉ ነው፤ ደም ለማቆም ሥጋን የሚተኩስ የአርጎን ፕላዝማ ቀድሞም አለና። ስለዚህ «የማያቃጥል የጋዝ ፕላዝማ» እንላለን። ረዥም ነው፤ ይሁን።

ስለ ሕክምናው ተስፋ ሲነገር «እምቅ ኃይል» ማለትም አይበጅም። «እምቅ» በፊዚክስ የተያዘ ቃል ስለሆነ አንባቢው በጋዙ ውስጥ የታመቀ ጉልበት ይመስለዋል። ጋዙ ግን በአብዛኛው የሚሠራው በሚፈጥራቸው ፈጥነው የሚዋሐዱ የኦክስጅንና የናይትሮጅን ቅንጣቶች ነው። እነዚህም ከጤናማ ሕዋሳት ይልቅ በካንሰር ሕዋሳት ላይ እንደሚበረቱ በብዙ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ታይቷል። በሰው ላይ ግን ነገሩ ገና ጅምር ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈቀደው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ 20 ሕሙማንን ብቻ የያዘ፣ ዕጢው በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ሥፍራውን በጋዙ በማስነካት በተለይ የአሠራሩን ደኅንነት የመረመረ ነበር። እንግዲያው «ፈዋሽ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ የለውም፤ «በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና» ይበቃል።

«ነቀርሳ»ንም ባንጠቀም እንመርጣለን፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ቲቢን ነውና።