ኮልን ያተረፈው ብረት

የአሜሪካ ባሕር ኃይል አርሌይ በርክ የተባሉት ዲስትሮየሮች (የጦር መርከቦች) አካላቸው ከሞላ ጎደል ብረት ነው። የዚህ ምርጫ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1975 ቤልናፕ በተባለችው መርከብ ላይ የደረሰው ቃጠሎ ሲሆን፣ የዚያች መርከብ የላይኛው የአሉሚኒየም አካል ቀልጦ ነበር። ክብደቱ ቢጨምርም ውሳኔው የሚመሰገን ነው።

ኦክቶበር 12 ቀን 2000 በየመን ኤደን ወደብ፣ ፈንጂ የጫነች ጀልባ ከእነዚህ ዲስትሮየሮች የአንዷን፣ የኮልን፣ ግራ ጎን ቀድዳ 17 መርከበኞችን ገደለች። የተረፉት እሳቱን አጥፍተው፣ ውሃ የሚያሳልፉ ስንጥቆችን በእንጨትና በጨርቅ ወትፈው፣ ፓምፕ ሲቆም ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ቀዱ። ጥበብ ማለት ይህ ነው፤ የመርከቧ ሚሳይል ያን ቀን ምንም አልፈየደም።

ኮል ብሉ ማርሊን በተባለች ግዙፍ መርከብ ተጭና ሚሲሲፒ ገባች፤ ተጠግናም በ2002 ወደ ሥራዋ ተመለሰች።