ወረርሽኙ ያስቀረው የእጅ ትምህርት፦ የወጣት ዓይን ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲገመገም

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ወር 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሆስፒታሎች ኃይላቸውን ወደ ወረርሽኙ ሲያዞሩ አስቸኳይ ያልሆኑ ቀዶ ሕክምናዎች በብዙ ቦታ ተቀነሱ ወይም ለሌላ ጊዜ ተላለፉ። በዚህ ከተጎዱትና ብዙም ካልተነገረላቸው ወገኖች መካከል በዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ የሚሠለጥኑ ሬዚደንቶች ይገኙበታል።

በወቅቱ የተወሰደው ጥንቃቄ አላስፈላጊ ነበር ማለት አይቻልም። ስለ አዲሱ በሽታ ባልደረቦቹን ቀድሞ ያስጠነቀቀውና ጥር 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚሁ በሽታ ሕይወቱ ያለፈው የዉሃን ከተማ ነዋሪ ሊ ዌንሊያንግ የዓይን ሐኪም ነበር። በስሊት ላምፕ የሚመረምር ሐኪም ከታማሚው ፊት የሚርቀው በጥቂት ስንዝር ብቻ ነው። የዓይን ሞራ በአብዛኛው በአረጋውያን ላይ የሚታይ ሕመም ሲሆን፣ ኮቪድም ይበልጥ የሚበረታው በአረጋውያን ላይ ነው። ስለሆነም አረጋውያን ከቤት እንዳይወጡ መመከራቸው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ሬዚደንቱ ቀዶ ሕክምናን የሚማረው እነዚሁኑ አረጋውያን በማከም በመሆኑ፣ ታማሚው ሲቀር ትምህርቱም አብሮ ቀረ።

እንግዲህ ሊተች የሚገባው የቀዶ ሕክምናው መቀነስ ሳይሆን፣ የቀረው በምን ይተካ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው። በዓለም ዙሪያ ፈጥኖ የተገኘው መልስ በኢንተርኔት የሚሰጥ ገለጻ ነበር። ገለጻው ዕውቀት ማዳበሩ አይካድም። ነገር ግን በዓይን ነጭ ክፍል ላይ ትንሽ መግቢያ ማበጀት፣ የሌንሱን የፊት ከረጢት መክፈት፣ የጠጠረውን ሞራ ማውጣትና ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ሁለት እጅ ከማይክሮስኮፑ ሥር፣ እግርም ከመቆጣጠሪያው ላይ ሆነው በድግግሞሽ የሚለምዱት ሥራ ነው። ይህን በማዳመጥ ብቻ የተካነ ሐኪም የለም።

የተሻለ አማራጭ አልነበረም እንዳይባል፣ ማስረጃው በወረርሽኙ ጊዜ ወጥቷል። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በዩጋንዳና በዚምባብዌ በ50 ሠልጣኞች ላይ የተካሄደ ጥናት ውጤት በ2013 ዓ.ም. ታትሟል። በሰው ሠራሽ ዓይን ላይ ለአምስት ቀናት በጥብቅ የተለማመዱት ሠልጣኞች በቀጣዩ ዓመት በአማካይ 21.5 የሞራ ቀዶ ሕክምናዎችን ሲያከናውኑ፣ ልምምዱን ያላገኙት ያከናወኑት 8.5 ነበር። የሌንሱ የኋላ ከረጢት መቀደድም በመጀመሪያዎቹ 7.8 በመቶ፣ በሁለተኛዎቹ 26.6 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በእርግጥ ሰው ሠራሽ ዓይን ታማሚን አይተካም። የቀዶ ሕክምና ክፍል በሚዘጋበት ጊዜ ግን የሠልጣኙ እጅ ሥራ እንዳይፈታ ሊያደርግ ይችላል።

የሥልጠና ጉድለት ጎልቶ የሚታየው ከምደባ በኋላ ነው። ለዚህ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከዓባይ በረሃ ማዶ የምትገኘው ደብረ ማርቆስ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። በአማራ ክልል ደግሞ ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ይህን የመሰለ ሸክም ወዳለበት አካባቢ የሚመደብ ወጣት ስፔሻሊስት፣ የሌንሱ ከረጢት በተቀደደበት ቅጽበት ከጎኑ የሚጠራው አስተማሪ ላይኖረው ይችላል። ታማሚውን ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሪፈር ማድረግም ቢሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተባባሰው ግጭት ሳቢያ መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት የሚሞከር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት መሆኑ ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የሠለጠኑት ሬዚደንቶች ግን ዛሬ ስፔሻሊስቶች ናቸው፤ ያልሠሩትን ቀዶ ሕክምና የሚተካላቸው አዋጅ የለም። በመሆኑም ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ሠልጣኝ ለምረቃ የሚበቃው ዓመት ስለቆጠረ ብቻ ሳይሆን፣ ራሱ የሠራቸው ቀዶ ሕክምናዎችና ውጤታቸው ተመዝነው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በየማሠልጠኛው ሆስፒታል በሰው ሠራሽ ዓይን መለማመጃ የሚሆን ክፍል በአዘቦት ቀን ሊደራጅ ይገባል፤ ችግር ከመጣ በኋላ የሚደራጅ ክፍል ይዘገያልና። ሦስተኛ፣ በወረርሽኙ ጊዜ ሠልጥነው ወደ ክልል ከተሞች የተመደቡ ሐኪሞች ልምድ ካላቸው ባለሙያዎች ጋር ለተወሰነ ጊዜ አብረው እንዲሠሩ ሊመቻችላቸው ይገባል። ይህ ወጣቱን ሐኪም የሚያሳፍር ሳይሆን፣ ከምሥራቅ ጎጃም ገጠር በሰው እጅ ተመርቶ የሚመጣው ታማሚ ብቻውን ወደ ቤቱ እንዲመለስ የሚያስችል ነው።